ስፌቱ ወደ ውጭ

ልብስ ሰፊው ለልጁ ሦስት ዩኒፎርም ሰፍቶላታል። የመጀመሪያውን ለብሳ ሁለት ደቂቃ አልቆየችም። ሁለተኛውን ሳሳ ካለ ጨርቅ ሠራው፤ አንገቷ ጋ ሲደርስ ጮኻ አውልቃ ጣለችው። ሦስተኛው እንደ አየር የቀለለ፣ ጠርዙ ሁሉ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ ከውጭ አንዲት ክር የማትታይበት ነበር። እጇን እንኳ አላስገባችበትም።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ታጋሽ ሰው ናቸው፤ ትዕግሥታቸው ግን እስከ ሰኞ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ያለ ዩኒፎርም መግባት የለም ብለዋል።

ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነው። ደስ ብሏት የምትለብሰው አንድ ያረጀ ካናቴራ ብቻ ነው፤ ሲታጠብ እስኪደርቅ ገመዱ ሥር ቆማ ትጠብቀዋለች። እሱንም ገልብጣ ነው የምትለብሰው። አባቷ ሙያው ነውና የተገለበጠ ልብስ አይቶ ማለፍ አይሆንለትም፤ በየጠዋቱ አቅንቶ ይሰጣታል፣ እሷም ዞር ሲልላት መልሳ ትገለብጠዋለች። ሰው ሲጠጋት ስለምትኮማተር እናቷ «ጃርቴ» ትላታለች፤ ፍቅሯን ስትገልጽ ነው።

አባትየው ልጁን ደህና አድርጎ አቅፎ አያውቅም። ሕፃን ሳለች ሲያቅፋት ታለቅስ ነበር። ስታለቅስ እጁን አቀለለ፤ ባቀለለ ቁጥር ባሰባት። አሁን የሚነካት ሐር እንደሚነካ በጣቱ ጫፍ ነው።

መነካት አለመቻሏን ወደምታክምላት ቴራፒስት የምትወስዳት እናቷ ነበረች። ዓርብ ዕለት ግን እናትየው ሥራ ስለገጠማት እሱ ይዟት ሄደ። መርፌና ኪኒን ጠብቆ ነበር፤ ያገኘው ከጣሪያ የተንጠለጠለ ዥዋዥዌ፣ ወፍራም ፍራሽና ባቄላ የተሞላ ገንዳ ነው። የሱን ጣት የማትችለው ልጅ እስከ ክርኗ ባቄላው ውስጥ ገብታ ትስቃለች። ሰውየው ባቄላ ላይ ቀና።

ቴራፒስቷ እስቲ ትከሻዋን ይንኳት አለችው። በጣቱ ጫፍ ነካት፤ ትከሻዋ ዘለለ።

«አባቷ፣ የሚረብሻት ይሄ ነው» አለች። «ጉንዳን የሄደባት ነው የሚመስላት። መዳፍዎን ሙሉውን ያሳርፉና ጫን ይበሉ።»

«ባሳምማትስ?»

«ካመማት ትናገራለች፤ አፍ እንደሆነ አላነሳት።»

ከዚያ ልጅቷን ፍራሹ ጠርዝ ላይ አስተኝታ፣ በፍራሹ ጥብቅ አድርገው ይጠቅልሏት አለችው። ፈራ ተባ እያለ ጀመረ። ግን ዕድሜውን ሙሉ የጨርቅ ጣቃ ሲጠቀልል የኖረ ሰው ነው፤ እጁ ሥራውን አወቀው። ጭንቅላቷ ብቻ ብቅ ብሎ ቀረ። ቆይቶ ፈታት።

«ደግመህ ጠቅልለኝ» አለችው።

አምስት ጊዜ ጠቀለላት። በአምስተኛው ሲፈታት ካናቴራዋን አየ። ዛሬም ተገልብጧል፤ ስፌቱ ሁሉ ወደ ውጭ፣ ልስልሱ ወደ ገላዋ። ስንት ዓመት ስትነግረው ኖራለች፤ እሱ በየጠዋቱ ሲያቀናላት።

ቅዳሜን አራተኛ ዩኒፎርም ሲሰፋ ዋለ። ጨርቁን ወፈር፣ ልኩን ጠበቅ አደረገና ስፌቱን በሙሉ ወደ ውጭ አወጣው። ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ ስፌት ከውጭ ከታያቸው በማስመሪያ ጣቱን ይመቱት ነበር፤ ሲሰፋ ጣቶቹ ያን ዱላ ሳያስታውሱ አልቀሩም።

ሚስቱ አየችና ደነገጠች። «ሰውዬ፣ ደህና ነህ? ደንበኛ ቢያይህ ምን ይልሃል?»

«ደንበኛዬ እሷ ናት» አላት።

ሰኞ ጠዋት ልጅቷ እጇን ወደ ዩኒፎርሙ ውስጥ ከትታ ብዙ ዳበሰች። አንድ እጅ አስገባች። ሌላውን አስገባች። ቁልፉን ራሷ ቆለፈች። እናትና አባት በር ላይ እንደ ሐውልት ቆመው ነበር፤ ማንም «ጎበዝ» ለማለት አልደፈረም።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ግን አይተው እንዳላዩ አላለፉትም። «አንተ፣ ልብስ ሰፊ ሆነህ የገዛ ልጅህን ገልብጠህ ታለብሳለህ?» ብለው ሳቁ። ሌላ ቀን ቢሆን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

«የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ አባባ» አለ።

ልጅቷ ጥቂት ተራምዳ ተመለሰች። ፊቱ ቆማ እጆቿን ከጎኗ አጣበቀች።

«ጠቅልለኝና ልሂድ።»

ተንበረከከ። መዳፉን ሙሉውን ጀርባዋ ላይ አሳርፎ ጫን አለ። እሷም ጉንጯን ደረቱ ላይ ለጥፋ ቆየች። ስፌቱ እጁን ሻከረው።