መወርወሪያዋ ስትቆም

ትሄዳለች መወርወሪያዋ፣ ወደ ግራ... ትመለሳለች፣ ወደ ቀኝ።

ባሌ አንጁሎ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ ይሸምናል፤ እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ እፈትላለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ነን። ግድግዳችን ላይ ሰዓት የለም፤ የመወርወሪያዋ ድምፅ ነው ሰዓታችን። ወደ ግራ... ወደ ቀኝ።

በጥቅምት፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ ሄደች ወደ ግራ... አልተመለሰችም።

ቀና አልኩ። ቀኝ እጁ ድሩ ላይ ወድቋል፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። አፉ ወደ አንድ ጎን ወርዷል። ሊጠራኝ ፈልጓል፤ ስሜ አልወጣለትም። "እ..." አለ፣ "እ..."

ምች ነው አልኩ። ምች ካልሆነ ምን ይሆናል?

ሮጥኩ ወደ አጥሩ፣ ቀጠፍኩ ዳማከሴ፣ አሸሁት በመዳፌ፣ ቀባሁት ግንባሩን፣ አስጠጋሁለት አፍንጫው ላይ።

ብዙም ሳይቆይ እጁ ተመለሰ። አፉ ተመለሰ። ስሜም ተመለሰ።

"እታለም፣ ምነው ቅጠል ትሞጅሪብኛለሽ? ፍየል ነኝ እንዴ?"

ሳቅን። ሄዶ ነበር... ዳማከሴዬ መለሰልኝ።

በኅዳር ደገመው። ሮጥኩ፣ ቀጠፍኩ፣ አሸሁ፣ ቀባሁ... ተመለሰ።

በጥር ደግሞ። ሮጥኩ፣ ቀጠፍኩ... ተመለሰ።

ከጥቅምት ጀምሮ የሚሸምነው፣ ባለ ብዙ ጥለት ነጠላ ላይ ግን ጥለቱ ሦስት ቦታ ተዛነፈ። ፍታው ብለው እምቢ አለ።

ነጠላውን ያዘዘችው ጤና ጣቢያ የምትሠራው ሲስተር ምንትዋብ ናት። ልታየው መጣች፤ ጣቷን የተዛነፈው ላይ አሳረፈች።

"ይሄ ምን ሆኖ ነው?"

ነገርኳት። "ሦስቴ ያዘው፣ ሦስቴም በዳማከሴ መለስኩት" አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ።

ፊቷ ተለወጠ።

"እትዬ እታለማሁ፣ ባይቀቡትም ይመለስ ነበር። ወደ ጭንቅላቱ የሚሄደው ደም ለጥቂት ደቂቃ እየተቋረጠ ነው። ትንሹ ስትሮክ ነው ይሄ፤ ትልቁን ይዞ ይመጣል። ዛሬውኑ ሐኪም ይየው። ደግሞ ከያዘው፣ ቢለቀውም ባይለቀውም፣ ይዘውት ይሩጡ።"

እኔ ሁለተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ግትር ነኝ። ዓይኔ ያየውን ማን ያስክደኛል? አንጁሎም "ድሩ ይለቅ፣ ከዚያ እሄዳለሁ" አለ። ተስማማሁ።

ቃሏ ግን እንዝርቴ ላይ ተጠመጠመ። ባይቀቡትም ይመለስ ነበር... ባይቀቡትም...

በአራተኛው ቀን ሄደች ወደ ግራ... አልተመለሰችም።

ሮጥኩ ወደ አጥሩ። ቀጠፍኩ።

መዳፌ ውስጥ ነው ቅጠሉ፣ ሽታው ይጠራኛል... ቆምኩ።

ብቀባው ይመለሳል፤ አይቻለሁ። ሳልቀባው ቢቀርስ? እጄ ላይ መድኃኒቱን ይዤ ገደልኩት ማለት ነው። ቀብቼው ቢመለስስ? ደግሞ ይቀመጣል ድሩ ላይ፣ ደግሞ እቀመጣለሁ ደጃፉ ላይ፣ ትልቁን ልንጠብቅ።

ጣልኩት ቅጠሉን።

ባጃጅ አስቆምኩ። ከነሹፌሩ ተጋግዘን ከጉድጓዱ አወጣነው። ጭንቅላቱን ትከሻዬ ላይ አስደግፌ፣ ጣቶቹን ይዤ... መንገዱ ረዘመብኝ፣ ጣቶቹ ዝም አሉ።

ከድልድዩ ማዶ ጣቶቹ ጨበጡኝ።

ሳልቀባው ተመለሰ።

"ወዴት ነው?" አለ።

"ሐኪም ቤት።"

"ለቀቀኝ እኮ! አንተ ልጅ፣ መልሰኝ!"

"ንዳ!" አልኩ።

ቁልቁል እግሬን አየ። "በባዶ እግርሽ?"

"ንዳ!"

አሁን ጠዋት ጠዋት ክኒኑን ይውጣል፤ የደም ግፊቱን፣ ደም የሚያቀጥነውንም። ተሽሎኛል ይላል። እኔ ውሃ ይዤ ቆሜ አስውጠዋለሁ። ያ ነጠላ ትከሻዬ ላይ ነው፤ ለሲስተር ሌላ ተሠራላት። ዳማከሴው አጥሩ ሥር አለ፣ ለጉንፋን። ጫማዬ ደጃፉ ላይ ነው፣ አፍንጫው ወደ መንገድ።

ትሄዳለች መወርወሪያዋ፣ ወደ ግራ... ትመለሳለች፣ ወደ ቀኝ።

ዛሬ ረፋድ ላይ ሄደች ወደ ግራ... አልተመለሰችም።

እንዝርቱ ከእጄ ወደቀ። አንድ እግሬ ጫማው ውስጥ ገብቷል። ሁለተኛውም።

"እታለም..." አለ። ስሜ ሙሉ ነበር፣ አፉም ቀጥ ያለ። ሁለት የክር ጫፍ ከፍ አድርጎ አሳየኝ። "ተበጥሶ ነው። ጫማሽን አውልቂ።"

ቋጠረው።

ጫማዬን አላወለቅኩም። ቆሜ ጠበቅኩ...

ተመለሰች፣ ወደ ቀኝ።