ኪኩኤ የከለከለችው ቃል

ኪኩኤ በስድሳ ሦስት ዓመቷ ብስክሌት መንዳት የጀመረችው ወድዳ አይደለም። ከመንደራችን ሥራ ቦታችን እስካለበት ወደብ የሚመላለሰው አውቶቡስ ከመጋቢት መጨረሻ በኋላ እንደማይኖር ፌርማታው ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ወረቀቱ ላይ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ተስሏል። ኪኩኤ ሥዕሉን ትንሽ አየችውና «ጎንበስ ማለቱንስ ይችልበታል» አለች።

እኔና እሷ ኦይስተር የሚባለውን ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ እየፈለፈልን ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ቆመናል። በቢላዋ የሚደርስባት የለም፤ እኔ አንዱን ቅርፊት ስከፍት እሷ ሁለት ጨርሳ ሦስተኛውን ይዛለች። ብስክሌት ላይ ግን ወጥታ አታውቅም። ለምን ሲሏት «አጋጣሚው አልመጣም» ትላለች፣ ስድሳ ሦስት ዓመት ሙሉ።

በምሳ ሰዓት ከመፈልፈያው ቤት ጀርባ ባለው ሲሚንቶ ላይ ልናስተምራት ተነሳን። አስተማሪዎቹ ሦስት ነን፦ እኔ ሃሩኖ፣ ከቻይና ከዳልያን የመጣችው ሹፈን፣ ከቬትናም የመጣችው ኛን። ብስክሌቱ የእኔ ነው፤ ከፊቱ ቅርጫት፣ ከኋላው የዕቃ መጫኛ አለው።

የመጀመሪያው ቀን ኮርቻውን ከኋላ ይዤ እየገፋሁ፣ እኛ ጃፓኖች እንደምንለው «ጋንባሬ!» አልኳት። ኪኩኤ ሁለት እግሯን መሬት ላይ ተከለች።

«ሃሩኖ፣ ይቺን ቃል ለእኔ እንዳትዪያት።»

ወጣቶቹ ሹፈንና ኛን ግራ ሲገባቸው ዞር ብላ አስረዳቻቸው። ባሏ ሦስት ዓመት አልጋ ላይ ነበር። «ሳይነጋ ተነስቼ አገላብጬው፣ አጥቤው፣ አጉርሼው፣ እዚህ መጥቼ ውዬ እመለሳለሁ። ጎረቤቱ በር ላይ ቆሞ ‹ጋንባሬ›። ሐኪሙ ‹ጋንባሬ›። ደብዳቤ አዳዩ እንኳ ‹ጋንባሬ›። በርቺ፣ ጠንክሪ ማለታቸው ነው። ተኝቼ የከረምኩ መስሏቸው ነው? ቀብሩ ላይም አንዱ አለኝ። ከዚያ በኋላ ለምን እንደምበረታ ግን አልነገረኝም።»

«ታዲያ ምን እንበልዎ?» አለች ኛን።

«ምንም።»

ሰውን እየገፉ ዝም ማለት ግን ከባድ ነው፤ አፍ ሥራ ይፈልጋል። በሁለተኛው ቀን ሹፈን አላስቻላትም።

«ኪኩኤ ሳን» አለቻት በአክብሮት፤ «እኛ አገር ‹ጂያዮ› ነው የምንለው። ይኼንንም ከለከሉ?»

«ምን ማለት ነው?»

«ዘይት ጨምሪ ማለት ነው።»

ኪኩኤ አሰበችበት። «ምኑ ላይ?»

«ምኑም ላይ አይደለም። እንዲሁ ይባላል።»

በማግስቱ ኪኩኤ የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት ይዛ መጥታ የብስክሌቱን ሰንሰለት አርሳው አገኘናት። ሹፈን እንደዚያ ማለቷ እንዳልነበረ ልታስረዳ ብትሞክርም «ጥሩ ምክር ነው፤ ደርቆ ነበር» አለቻት። እውነትም ደርቆ ነበር። ብስክሌቱ የእኔ ስለሆነ አፈርኩ።

ቀጥሎ ኛን ተራዋ ደረሰ። «የእኛ ‹ኮ ሌን› ነው፤ ወደ ላይ ይጣጣሩ እንደማለት።»

«ወዴት ላይ? ሜዳ ነው እኮ።»

«ከፍ የሚለው ልብ ነው እንጂ ብስክሌቱ አይደለም።»

«ይኼኛው ይሻላል» አለች ኪኩኤ። «ቢያንስ አልገባኝም።»

ሁለት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ከኋላ የሚይዛት እጅ እስካለ ድረስ ቀጥ ብላ ትነዳለች። አንድ ሐሙስ ሹፈን ሳትነግራት ለቀቀቻት። ኪኩኤ ሃያ እርምጃ ያህል ብቻዋን ነዳች፤ ከዚያ ዞር ብላ አየችና ጣሪያ የሚያህለው የቅርፊት ክምር ውስጥ ገባች። ሹፈን መንገዱን ሁሉ «ጂያዮ! ጂያዮ!» እያለች ተከትላት ነበር የሮጠችው።

ኪኩኤ ክርኗ ተልጦ ክምሩ ላይ እንደተቀመጠች «ሹፈን» አለቻት፤ «ዘይት ጨምሪ ስትዪኝ ፍሬኑ የት እንደሆነም አብረሽ ንገሪኝ።»

በማግስቱ ዓርብ ረፋድ ላይ ኛን ስልክ ተደወለላት። አባቷ ሞተዋል። ቀብሩ በማግስቱ ስለሆነ በአውሮፕላንም አትደርስም። አለቃችን ክፉ ሰው አይደለም፤ ፊቷ ቆሞ እጁን አጣመረና የሚያውቀውን አንድ ነገር አላት። «ኛን ሳን፣ ጋንባሬ።» አጠገቤ የኪኩኤ ቢላዋ ቆመ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሲቆም አይቼ አላውቅም። ኛን «አመሰግናለሁ» ብላ እስከ ማታ ስትፈለፍል ዋለች። ቅዳሜ አልመጣችም።

እሑድ ጠዋት ኪኩኤ ግቢዬ ገብታ ብስክሌቱን ከግድግዳው አነሳች። እሑድ ድሮም አውቶቡስ የለም። ቅርጫቱ ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረ የሩዝ ድብልብል አስቀምጣለች፤ የእጇ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ነገር አለ።

«ልያዝልሽ?» አልኳት።

«ተዪው። ማንም ካልያዘኝ ማንም አይለቀኝም።»

የቀረውን የሰማሁት ከሁለቱም ነው። ወሬያቸው የሚለያየው በወደቀችው ቁጥር ብቻ ነው፦ ኪኩኤ አንዴ ትላለች፤ ኛን ግን ጉልበቷን አይታ ሦስቴ ነው ትላለች።

ኛን የሠራተኞቹን ማደሪያ በር የከፈተችው ፀጉሯን ሳታበጥር ነበር። ኪኩኤ ብስክሌቱን እንደያዘች የእጇን ጀርባ አየችና ያጠናችውን ተናገረች። «ኮ ሌን።» በቬትናም ቋንቋ ግን አንዱ ቃል ድምፅ ከፍ ሲልና ዝቅ ሲል ትርጉሙ ሌላ ነው። ኪኩኤ ደግሞ ሁሉንም ነገር የምትናገረው በአንድ ድምፅ ነው፤ የደስታ ወሬም ይሁን «እሳት ተነሳ» ማለትም ይሁን። ኛን የሰማችው «አይዞሽ» ሳይሆን «እመቤት፣ ተሳፈሪ» ነው።

ኛን ሴትዮዋን አየቻት። ብስክሌቱን አየችው። ታላቅ ሰው ካዘዘ ምን ይደረጋል፤ ነጠላ ጫማዋን አጠለቀችና የዕቃ መጫኛው ላይ ወጥታ ተቀመጠች።

«ምን ልበላት?» አለችኝ ኪኩኤ በኋላ። «ልጅቷ ተቀምጣለች።» ስለዚህ ነዳች።

ከኋላ ያለው ክብደት እንደሚይዝ እጅ ሆነላት። ሦስት መቶ ሜትር ያህል፣ የዓሣ አጥማጆች ማኅበርን ሕንፃ አልፈው፣ ሳይወድቁ ሄዱ። ከዚያ አንድ ወጣት ፖሊስ መንገዱ መሐል ቆሞ አገኙት። በአንድ ብስክሌት ሁለት ሰው እንደማይፈቀድ በትሕትና ነግሯቸው ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀ።

«እኔ አላውቅም» አለች ኪኩኤ። «የተሳፈረችው እሷ ናት።»

«ተሳፈሪ ያሉኝ እሳቸው ናቸው» አለች ኛን።

«እኔ እንዲያ አላልኩም።»

«ብለዋል። በቬትናምኛ።»

ፖሊሱ ኪኩኤን አየና ማስታወሻ ደብተሩን ዘጋ። በእግራችሁ ሂዱ ብሎ አሰናበታቸው።

ብስክሌቱን ከግራና ከቀኝ ይዘው በባሕሩ ዳር ገፉት። ኛን መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቁ ለቅሶ ሆነ፤ ኪኩኤ መግፋቷን አላቋረጠችም። ኛን ስለ አባቷ ማውራት ጀመረች። ዳክዬ ያረቡ ነበር፤ እያንዳንዷን ዳክዬ በቀበሌው ሹማምንት ስም ነበር የሚጠሯት። እሷ ወደ ጃፓን ስትመጣ ሊሸኟት አልወጡም፤ አንዷ ዳክዬ ታማ ነበርና። በሦስተኛው ቀን ደውለው ዳክዬዋ እንደዳነች ነገሯት፤ ሌላ ምንም አላሉም። ኛን ሁለቱን ቋንቋ ስለቀላቀለችው ኪኩኤ የገባት ግማሹ ነው። ድገሚልኝ ግን አላለቻትም።

«ባልዎ ያረፉ ጊዜ ሰው ምን ቢልዎ ይሻል ነበር?» አለቻት ኛን።

ኪኩኤ ቅርጫቱ ውስጥ ያለውን ቋጠሮ አስተካከለች። «አላውቅም» አለች። «አሥራ አንድ ዓመት አስቤበታለሁ።»

እኔ ቤት የደረሱት እኩለ ቀን ላይ ነው። የሩዙ ድብልብል ከመውደቅ ብዛት እንደ ቂጣ ጠፍጥፏል። እንደዚያው በላነው። ለሹፈን ደወልኩላት፤ ጎመን የተሞላ የተቀቀለ ሊጥ ይዛ መጣች። ኛን በላች፤ ደግማ በላች፤ ከዚያ ምንጣፌ ላይ ጥቅልል ብላ እስከ አመሻሹ ተኛች። እኛ ሦስታችን በሹክሹክታ እናወራ ነበር፤ ስለ አውቶቡሱ ይመስለኛል።

ሰኞ ሥራ ገባች። በግንቦት የኦይስተሩ ወቅት ሲያልቅ ለሦስት ሳምንት አገሯ ሄዳ የአባቷን መቃብር አይታ ተመለሰች። የዳክዬዎቹን ፎቶም አሳየችን። አሁን የሚጠብቃቸው ወንድሟ ነው፤ የትኛዋ ዳክዬ የትኛው ሹም እንደሆነች ግን አያውቅም።

ኪኩኤ የራሷን አረንጓዴ ብስክሌት ገዛች። በየጠዋቱ ከእኔ ቀድማ ትደርሳለች። ድልድዩ ላይ ስትደርስ ግን ወርዳ በእግሯ ትገፋዋለች፤ ነፋሱን አላምነውም ትላለች።