የአባትና የልጅ ቁርጥማት

መሪጌታ ኃይለ ገብርኤል ከአንኮበር ደብረ ብርሃን የሄዱት ልጃቸውን ለማሳከም ብቻ አልነበረም፤ ስሙንም ለማስመለስ ነበር። የደብሩ ሰው አፉ አያርፍም፤ “ወልደተንሣኤ ማኅሌት ሲደርስ ወገቡ ይያዛል፣ ድግስ ሲደርስ ይለቀዋል” እያለ ሲስቅበት ከርሟል። እውነትም ልጁ ሌሊት ለማኅሌት ሲነሳ ጎብጦ፣ ግድግዳ ይዞ ነው። ረፋድ ላይ ግን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ገና ሠላሳ ያልሞላው ጎልማሳ ነው፤ ድምፁን የሰማ ሁሉ የአባቱን ቦታ እንደሚወርስ አይጠራጠርም ነበር። አሁን ራሱ ወልደተንሣኤ፣ “አባባ፣ ቦታውን ለሌላ ይስጡት” ማለት ጀምሯል። ይህ የመሪጌታን አንጀት በላው።

እሳቸው ታዲያ ዝም አላሉም። የራሳቸው ጉልበት ቆመው ሲውሉ ይጠዘጥዛቸዋል፣ ጋደም ሲሉ ይተዋቸዋል፤ ቁርጥማትን ከእሳቸው በላይ ማን ያውቀዋል! መቆሙንም ስግደቱንም ከለከሉት። መቋሚያውን ከእጁ ተቀብለው ግድግዳ ላይ ሰቀሉ፣ የበግ አጎዛ አነጠፉለትና “ተኛ” አሉት። ልጁ ግን እየባሰበት ሄደ።

ደብረ ብርሃን ሆስፒታል የተቀበለቻቸው ሐኪም እየሩሳሌም ትባላለች። መሪጌታ ገና ሲያዩዋት ልጅነቷ አልተዋጠላቸውም። እሷ ግን ወገቡን ሳትነካ በፊት መጠየቅ ጀመረች።

“መቼ ነው የሚብስብህ?”

“ጎህ ሲቀድ። ሌሊትም ከእንቅልፌ ያነቃኛል።”

“ስትተኛ ነው የሚሻልህ ስትንቀሳቀስ?”

ወልደተንሣኤ አባቱን ሰረቅ አድርጎ አየና፣ “ስንቀሳቀስ” አለ።

“ምነው ሳትነግረኝ? የእኔ ጉልበት እኮ ጋደም ስል ነው የሚተወኝ” አሉ መሪጌታ።

“ተኛ ሲሉኝ እምቢ ልበልዎት አባባ?”

ሐኪሟ የጣቶቹን መገጣጠሚያ አንድ በአንድ ዳበሰች። “የሁለቱንም እጅ ጣቶች የሚያሳብጥ የቁርጥማት ዓይነት አለ፤ ይሄ እሱን አይመስልም” አለች። አጎንብስ አለችው፤ ወገቡ አልታጠፍ አለ። ቀጥላም፣ “ዓይንህ ቀልቶ፣ ብርሃን ማየት አቅቶህ ያውቃል?” ስትለው መሪጌታ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

“በፍልሰታ ጾም! ማን ነገረሽ ልጄ?”

“በሽታው ነዋ” አለች እየሳቀች። መሪጌታ ከዚያ በኋላ ዓይናቸውን ከእሷ አልነቀሉም። ዜማ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ሲያዜም እንደሚሰሙት አድርገው ሰሟት።

ራጁ ሲመጣ አከርካሪው ከዳሌው የሚገናኝበትን ቦታ አሳየቻቸው። “የአከርካሪ ብግነት ነው። የእርስዎ ጉልበት በአገልግሎት ብዛት ያለቀ ነው፤ ዕረፍት ይወዳል። የእሱ ደግሞ ዕረፍት ይጠላል፤ ዝም ብሎ ሲተኛ ይቆለፋል። ሁለቱንም ቁርጥማት እንላቸዋለን እንጂ አይተዋወቁም። መድኃኒቱን እየወሰደ፣ እኛም እየተከታተልነው፣ መቆሙንም ስግደቱንም አቅሙ በፈቀደው መጠን ይመለስበት።”

መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። በፍቅር እንዲህ ይበደላል ብለው አስበው አያውቁም።

ከወራት በኋላ በደብሩ ዓመታዊ በዓል፣ ረፋድ ላይ ወረቡ ሊጀመር ሲል መሪጌታ ልጃቸውን መቋሚያውን መልሰው አስያዙትና በራሳቸው ቦታ አቆሙት። ከዚያ በርጩማ ስበው፣ ሰው ሁሉ እያየ ተቀመጡ። የዚያን ቀን ወልደተንሣኤ ሲያዜም ሲያሙት የከረሙት ሁሉ አፋቸውን ያዙ።

“መሪጌታ፣ ምነው ዛሬ ተቀመጡ?” አሏቸው አንድ ቄስ።

“የእኔን መድኃኒት ነበር ለልጄ ስሰጥ የከረምኩት” አሉ ጉልበታቸውን እያሻሹ፤ “ዛሬ ለባለቤቱ መለስኩት።”