አምስተኛው ማኅደር

ወለተሩፋኤል ማኅደሩን ከኩላቡ አወረደችና አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

"ይህችን ምነው ሳይጨርሳት ቀረ?" አለች ለቅሶ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ። "ወንድሜ የጀመረውን ሳይጨርስ የሚነሳ ሰው አልነበረም።"

ይመኙሽ አንገቷን እንደደፋች ናት። ዕለቱ ሰልስት ነው። አባቷ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ማረፉን ቴሌግራም ሲነግራት አዲስ አበባ፣ ዩኒቨርሲቲ ነበረች። አውቶቡሱ ጎንደር ያደረሳት ትናንት ሲመሽ፣ ቀብሩ ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ አላለቀሰችም፤ አክስቷ ወለተሩፋኤልም ይህን አይታለች።

የመሪጌታ ሥራ ማኅደር መስፋት ነበር። የብራና መጽሐፍ የሚለብሰውን፣ ካህናት በትከሻ የሚያንጠለጥሉትን የቆዳ ከረጢት በዚህ ከተማ እንደሱ የሚሰፋ አልነበረም። ቆዳ ሲያቀርብለት የኖረው አያ ባዬ ትክል ድንጋይ ከሚባለው ገጠር በእግሩ መጥቶ ጥግ ይዟል። ለቅሶ ቤቱን ትንሽ የሚያስተነፍሰው እሱ ነው። መሪጌታ ቆዳውን ለፀሐይ ይዞ ሲያገላብጥ ፍየሊቱ በየትኛው ጎኗ እሾህ እንደቧጠጣት፣ የትኛው ዓመት እንደራባት ይነግረው እንደነበር አወራ። "እኔ ያሳደግኋትን ፍየል እሱ ከኔ ይበልጥ ያውቃት ነበር" ሲል ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

"የሰውን መጽሐፍ ሁሉ ሲያለብስ የራሱ ዳዊት በጨርቅ እንደተጠቀለለ ቀረ" አለች ወለተሩፋኤል። "ለአርባው ዳዊቱን ለደብሩ እንሰጣለን። በጨርቅ አይሆንም። አራቱ ማኅደሮቹ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተሰቅለዋል፤ ኃላፊው አቶ ፋንታሁን ዛሬ ሳይመጣ አይቀርም፣ አንዷን እንዲመልስልን እለምነዋለሁ። አይደል ይመኙሽ? የሰቀሏቸው አንቺ እያየሽ ነው።"

ይመኙሽ ራሷን ነቀነቀች። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላም ራስ መነቅነቅ ቀላል ነበር።

የዚያን ጊዜ ስምንት ዓመቷ ነው። ጣሊያን ትቶት በሄደው ቤት ቤተ መጻሕፍት ተከፍቷል ሲባል አባቷ እጇን እስከ ክርኗ አጥቦ፣ ነጭ ቀሚሷን አልብሶ ወሰዳት። በሩ ላይ ጫማውን አወለቀ። ያን ጊዜ ወጣት የነበረው የመጻሕፍቱ ኃላፊ አቶ ፋንታሁን እዚህ ጫማ እንደማይወለቅ በትሕትና ቢነግረውም አልሰማም። መደርደሪያዎቹን ከዳር እስከ ዳር አየና፦

"ምነው ልጄ፣ መጻሕፍቱ ራቁታቸውን ቆሙሳ?" አለ።

"ብዙ ናቸው መሪጌታ። ማን አልብሶ ይዘልቃቸዋል?"

አቶ ፋንታሁን ቀልዱን ነበር። አባቷ ግን እንደ ቀልድ አልወሰደውም። ይመኙሽ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ላይ አጎንብሳ መርከብ የሚባል ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ስታይ፣ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ መጽሐፉን በስንዝርና በጣት ይለካ ነበር።

መጽሐፉን ተውሳ ወጣች። በሳምንቱ ስትመልስ በልኩ ማኅደር ተሰፍቶለት፣ በትከሻዋ አንጠልጥላው ነበር። የቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ የሹማምንቱ ልጆች ተቀምጠዋል። አንዷ አፍንጫዋን ያዘች።

"ፋቂ መጣች" አለች። ቆዳ ፋቂ፣ ሰው የሚጸየፈው ማለቷ ነው። ሌሎቹም ቃሉን እየሳቁ ተቀበሏት።

ይመኙሽ ተመለሰች። ቀሃ ወንዝ ወርዳ መጽሐፉን አወጣችና ማኅደሩን ወረወረችው። ቆዳው ቶሎ አልሰመጠም፤ ድንጋይ ላይ ተይዞ ጥቂት ቆየ። ከዚያ መጽሐፉን ራቁቱን ይዛ ቤተ መጻሕፍቱ ገባች። ማታ አባቷ እንዴት እንደሆነ ሲጠይቃት፣ በጣም እንደወደዱትና ኩላብ መትተው እንደሰቀሉት ነገረችው።

እንዲያ ሲደሰት አይታው አታውቅም። ለጎረቤቱ፣ ለደብሩ ካህናት፣ መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ አወራ። የሌላውን ሰው ሥራ ትቶ ሁለተኛውን ሰፋ፤ ሦስተኛውንና አራተኛውንም። ሁሉም ቀሃ ገቡ። ውሸት አንዴ ከተወለደ ቀለብ ይጠይቃል፤ እሷም በየሳምንቱ ቀለበችው፤ ኩላቦቹ በር ላይ ናቸው፣ የመጣ ሁሉ ያደንቃል እያለች። አምስተኛውን እንደጀመረ ግን አባቷ ድንገት ለቤተ መጻሕፍቱ መስፋቱን አቆመ። ምክንያቱን አልጠየቀችም። እፎይ ነው ያለችው።

አቶ ፋንታሁን የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ፀጉሩን ሽበት ጀምሮታል። እግዜር ያጥናችሁ ብሎ ከመቀመጡ ወለተሩፋኤል ልመናዋን ጀመረች፤ ስለ አርባው፣ በጨርቅ ስለቀረው ዳዊት፣ ከአራቱ ማኅደሮች ስለ አንዷ። ይመኙሽ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። አሁን ውሸቴ ይወጣል አለች በሆዷ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አባቴ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን።

አቶ ፋንታሁን ወደ ይመኙሽ አየት አደረገ።

"አሉ፣ እትዬ ወለተሩፋኤል" አለ። "ግን መዝገብ የገቡ የመንግሥት ንብረት ናቸው። አንዷንም ላወጣ አልችልም።"

"መዝገብ!" አለች ወለተሩፋኤል ወደ አያ ባዬ ዞራ። ቅሬታዋ ወዲያው ኩራት ሆነ። "ሰማህ? መዝገብ ገብተዋል።"

"ሸጋ" አለ አያ ባዬ። "የኔ ፍየሎች መንግሥት ቤት ገቡ።"

ይመኙሽ እንግዳውን ልትሸኝ ወጣች። በሩ ላይ ሲደርሱ ነጠላዋን እያስተካከለች፦

"ምነው ዋሹልኝ?" አለችው።

"ውሸቱ የኔ አይደለም። አባትሽ ናቸው አደራ ያሉኝ።"

ቀስ ብሎ ነገራት። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ ክረምት ሊገባ ሲል መሪጌታ ጅምር ማኅደር ይዞ ብቻውን መጥቶ ነበር፤ መደርደሪያው ላይ ካለ ወፍራም መጽሐፍ ጋር ሊያስተያየው። ጫማውን አውልቆ ገባና ግድግዳውን ሁሉ ዞሮ አየ። ሌሎቹ የት እንደተሰቀሉ ጠየቀ። አቶ ፋንታሁን ምንም ሳያስብ፣ ማኅደር የሚባል ነገር እዚህ ቤት መጥቶ እንደማያውቅ መለሰ። መሪጌታ ግድግዳውን እንደገና አየ።

"'ሰው ከጠየቀህ አሉ በል' አሉኝ። 'ልጄ አፍራ እዚህ መምጣቷን እንዳትተው።' ከዚያ ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ።"

"ተቆጥቶ ነበር?"

"እንጃ" አለ አቶ ፋንታሁን። "ጅምሩን በነጠላቸው ሸፍነውት ነበር የሄዱት።"

በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ከዚያ በኋላ አባቷ ከቤተ መጻሕፍት በተመለሰች ቁጥር ምን እንዳነበበች ይጠይቃት ነበር። ስለ ኩላቦቹ አንድ ቀን አላነሳም። የረሳ መስሏት ነበር። ሽማግሌ ይረሳል ብላ፣ ተመችቷት፣ አንብባና ጎብዛ አዲስ አበባ ገባች። ጅምሩ ማኅደር ግን ይኸን ሁሉ ዓመት ከአልጋዋ ፊት ለፊት ተሰቅሎ ነበር፤ ለምን እንደቆመ አንድ ጊዜ እንኳ ብትጠይቀው ኖሮ ምን ይላት እንደነበር እንግዲህ አታውቅም።

ስትመለስ ወለተሩፋኤል ስለ መዝገቡ አሁን ለገቡት ለቀስተኞች እየነገረች ነው። ጅምሩ ማኅደር ጭኗ ላይ ነው። ይመኙሽ አጠገቧ ተቀምጣ አነሳችው። ስፌቱ እስከ መካከል ደርሶ ቆሟል። ከዚያ በታች ቀዳዳዎቹ በወስፌ ቀድመው ተበስተዋል፤ የቀረው ጠፍሩን ማስገባት ብቻ ነበር። ጠፍሩ እንደ ጭራሮ ደርቋል። የውኃውን ጣሳ ጎተተችና ጫፉን ነከረችው። እስኪለሰልስ ጠበቀች።

"ምን ልታደርጊ ነው?" አለች ወለተሩፋኤል ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ሰልስት ሳይወጣ ይሰፋል? ሰው ምን ይላል?"

"ዳዊቱን ትበቃዋለች፣ እትዬ።"

ጠፍሩ የመጀመሪያውን ቀዳዳ አለፈ። ሁለተኛው ላይ ያዘባት። ጎተተችው፤ ቆዳው ከእጇ አፈተለከ። እንደገና ያዘችው፤ እንደገና አፈተለከ። ዓይኗ ቀዳዳውን ማየት አልቻለም።

ወለተሩፋኤል ጥቂት አየቻት። ከዚያ እጇን ዘርግታ የማኅደሩን ሌላ ጫፍ አጥብቃ ያዘችላት።