የሁለት ችሎት አገር

ሕግ አውቃለሁ እያልሁ የምኮራ የወረዳ ዳኛ፣ በዚያ ምሽት ግራ ገብቶኝ አንዴ እነሣለሁ፣ አንዴ እቀመጣለሁ። የአገሩ ባህላዊ ገዥ ካዎ አንጁሎ፣ ነፍስ አጥፍቶ ግቢያቸው የተጠጋውን ጎልማሳ፣ እርቅ ሳይወርድ ለፖሊስ አልሰጥም ብለዋል። በማግሥቱ ችሎት ላስራቸው ወይም ልተዋቸው ነው። ባስራቸው እርቁ ፈርሶ የገዳይና የሟች ጎሣዎች ይተላለቃሉ፤ ብተዋቸው ደግሞ መንግሥት የት አለ ሊባል ነው። ይህን ሳወጣና ሳወርድ ከነልብሴ እንቅልፍ ጣለኝ።

እነሆ በሕልሜ አንድ ሽማግሌ መጥተው "ተነሥ ልጄ፣ የተሻሻለውን አገር ላሳይህ" አሉኝ። ተከትያቸው ሣሩ የለመለመ ሰፊ አደባባይ ደረስሁ። በአንድ ዛፍ ሥር የወረዳው አስተዳዳሪ ከነከረባታቸው እርጥብ ሣር ጨብጠው በካዎው ፈንታ ይመርቃሉ፤ ምርቃቱ ሲጠፋቸው ከወረቀት ያነባሉ፤ ሕዝቡም አሜን በማለት ፈንታ ያጨበጭባል። ትይዩ ባለው የአስተዳደሩ ፎቅ ካዎው ማኅተም ይዘው ተቀምጠዋል፤ ታራቂዎች ደጃቸው ተሰልፈው "ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለሱ" ይባላሉ።

"አባቴ፣ ይህ መሻሻል ነው ወይስ ጥፋት?"

"ሁለቱ እኮ ተስማምተዋል። ምን ጎደለ?"

"ታዲያ ገዥው ማን ነው?"

"ቅድም ብትጠይቀኝ አውቀው ነበር" አሉና ራሳቸውን አከኩ። መሪዬ ከእኔ ብሰው መገኘታቸው አናደደኝ።

በዛፉና በፎቁ መካከል ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት ቆማለች። ማን እንደሆነች ጠየቅኋት።

"የሟች እናት ነኝ። ቢሮው 'ከሳሹ መንግሥት ነው፣ አንቺን አይመለከትም' አለኝ። ሽማግሌዎቹም 'እርቁን የጎሣሽ ወንዶች ይጨርሱታል' አሉኝ። እርስዎስ ጌታዬ፣ የልጄን ስም ያውቁታል?"

መዝገቡን ስንት ጊዜ አገላብጫለሁ፤ ትዝ የሚለኝ ግን "ሟች" የሚለው ብቻ ነበር። አፈርሁ፤ በእፍረቴም ነቃሁ።

ለአንድ አገር ሁለት ገዥ ይብዛ ወይም ይነስ፣ አሁንም አላውቅም። ያየሁትን ግን ለካዎውም ለአስተዳዳሪውም በጉባኤ ፊት እነግራቸዋለሁ፤ ዳኛው ሕልም ያያል ብለው ቢስቁም ይሳቁ። ጠዋት ችሎት እንደ ተሰየምሁ ካዎው ሊናገሩ ተነሡ፤ ዐቃቤ ሕጉም ተነሣ።

"ሁለታችሁም ተቀመጡ" አልኋቸው። "መጀመሪያ የሟችን እናት አስገቡልኝ፤ ወንበርም ስጧት።"