መርዶው እስኪነገር

ዓርብ ማታ የጓደኛዋ የብሩክታዊት ባል እንዳሻው ለታየች ሲደውልላት ድምፁን በጣም ዝቅ አድርጎ ነበር። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቧንቧ ከፍቶ እንደሚያወራ ከሹክሹክታው ጀርባ የሚወርደው ውሃ ያስታውቃል።

«ታየች፣ የብሩክታዊት እናት አረፉ» አላት። «ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው። ወንድሟ ለእኔ ደውሎ ነገረኝ። እሷ ገና አልሰማችም።»

ታየች ባለችበት ቁጭ አለች። እማማ ቆንጂትን በአካል አታውቃቸውም። ግን ብሩክታዊት ደብረ ብርሃን በደወለች ቁጥር ስልኩን ተቀብላ ስንት ጊዜ አዋርታቸዋለች! «አንቺ ልጅ፣ ልጄን ብርድ እንዳይመታብኝ አደራ» ይሏት ነበር፣ የኖርዌይ ብርድ ብሩክታዊትን ብቻ የሚያሳድድ ይመስል።

«ነገ እኮ በረዶ ልንሄድ ነው» አለች።

«ለእሱ ነው የደወልኩልሽ። ሂዱ። ሽማግሌያችንን አቶ ሀብቴን አማክሬያቸዋለሁ። እሑድ ማለዳ ሰው ሁሉ ሥራ ሳይኖረው ተሰብስበን እንነግራታለን ብለዋል። ነገ ቤት ከዋለች ግን አንዱ ነፍስ ይማር ብሎ ይጽፍባታል። ስልኳን የተሰነጠቀውን መስታወት ላስቀይርልሽ ብዬ ወስጄባታለሁ። አንቺና ኪዳን ቀኑን ብቻ አሳልፉልኝ።»

«እሺ» አለች ታየች። ደንቡ ይኸው ነው። ሰው ብቻውን ሆኖ የእናቱን ሞት መስማት የለበትም።

ሦስቱ ጓደኛሞች የተዋወቁት ሰሜን ኖርዌይ አንድ የስደተኞች ማቆያ ውስጥ አንድ ምድጃ ሲጋሩ ነው። ወረቀታቸውን አግኝተው ኦስሎ ከወረዱ በኋላም አልተለያዩም። ታየች የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ኪዳን አልናብሩ የሚባል አካባቢ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሳ ፎርክሊፍት ይነዳል። ብሩክታዊት ደግሞ እዚያው የምትኖርበት አመሩድ ሰፈር ባርነሃገ በሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ የሰው ልጆች ስታጫውት ትውላለች። የበረዶውን ነገር ያመጣችባቸው እሷ ናት። ከሕፃናቱ ጋር ጫካ እየወጣች ትሩገር ማድረግ ለመደችና፣ «ወንፊት የመሰለ ሰፊ ነገር ጫማችሁ ሥር ታስራላችሁ፣ ከዚያ በረዶው አይውጣችሁም፣ በቃ!» ብላ እየጎተተች አስወጣቻቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጥምቀት ሲያልፍ አንዱ ቅዳሜ የጫካ ነው።

በማግስቱ ታየች አመሩድ ጣቢያ ስትደርስ ኪዳን ቀድሟት ቆሟል። ሲስማት ዓይኑን አላነሳም።

«ነገረህ?»

«ነገረኝ።»

ብሩክታዊት ቀይ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ደፍታ፣ ከሥራ ቦታዋ የተዋሰቻቸውን ሦስት ጥንድ ትሩገሮች ተሸክማ መጣች። «ዛሬ ስልክ የለኝም!» አለች ገና ከሩቅ። «እንዳሻው ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ፣ ሳልለምነው ላሠራልሽ ብሎ ወሰደው። እንዴት ቅልል እንዳለኝ ብታዩ!»

ከፎቆቹ ጀርባ ጫካው ወዲያው ይጀምራል። ሌሊቱን ሲጥል ያደረው በረዶ ጥዶቹን አጉብጧቸዋል፤ ከእግራቸው ሥር ከሚሰማው ኩርሽም ኩርሽም በቀር ሁሉ ነገር ጭጭ ብሏል። ብሩክታዊት ከፊት ሆና መንገድ ትከፍታለች። ለፋሲካ የቆረጠችውን ትኬት ታወራለች። እናቷን ካየች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። «እንዲህ ወፍሬ ስታየኝ ትለየኝ ይሆን?» ትላለች። «ለቁርባን የምትለብሰው ነጠላ አርጅቷል አለችኝ፤ እዚያው ሄደን አብረን እንገዛለን።»

ታየች ከኋላዋ ናት። በከፈተችው ዱካ ላይ እየረገጠች ትከተላታለች።

«እናንተ ደግሞ ዛሬ ምን ሆናችሁ?» ብሩክታዊት ዞር አለች። «ለቅሶ ቤት የምትሄዱ ነው የምትመስሉት!»

ኪዳን ሳቀ። ሳቁ እንዳያስታውቅበት ፈርቶ ነው መሰል፣ አንድ የጥድ ቅርንጫፍ ጎትቶ በረዶውን በላይዋ ላይ አራገፈባት። ጮኸች። አንገትጌዋ ውስጥ የገባውን በረዶ እየዛቀች ሳቀች፤ ሳቋ ገፍቶ ጣላት፤ ወድቃም ሳቀች። ታየች ልታነሳት እጇን ስትሰጣት ጎትታ እሷንም ጣለቻት። ሁለቱ ሴቶች በጀርባቸው ተንጋለው ሰማዩን ሲያዩ፣ ብሩክታዊት፣ «እንዲህ ከሳቅኩ ስንት ጊዜዬ» አለች።

የረጋው ሐይቅ ላይ ሲደርሱ ቆመች። «ታይዬ፣ ቅረጭኝ። ለእማዬ ይሁን። ውሃ ላይ ስሄድ ትየኝ።»

ታየች ጓንቷን አውልቃ ስልኳን አወጣች። ብሩክታዊት ኮፍያዋን አስተካክላ፣ ትሩገሯን ከፍ አድርጋ አሳየች። «እማዬ፣ ይኸው! ይሄ ሜዳ የመሰለሽ ሐይቅ ነው። አልሰምጥም፣ አትፍሪ። ታየች እየጠበቀችኝ ነው፣ አደራሽን አልበላችም። ለፋሲካ እመጣለሁ፣ እሺ? ዶሮዎቹን እንዳትሸጪያቸው!»

«አሁኑኑ ላኪላት።»

«እዚህ ኔትወርክ የለም» አለች ታየች። ጣቶቿ ደንዝዘው ስልኩን ኪሷ መክተት አቃታት።

ብሩክታዊት ራቅ ስትል ኪዳንን በክንዱ ያዘችው። «አልችልም። እነግራታለሁ።»

«ታየች፣ ተይ።»

«ሬሳ ታነጋግራለች እኮ! እኔ ነኝ ቀራጯ!»

«ተይ አልኩሽ። እኔ የወንድሜን ሞት የሰማሁት መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ላይ ተቀምጬ ነው፣ በስልክ። የሚይዘኝ ሰው አልነበረም። አለቃዬ ውሃ በወረቀት ኩባያ ሰጠኝና ሰዓቱን አየ። እዚህ ጫካ ብትነግሪያት ማን ይይዛታል? እንዴትስ አድርገን እናወጣታለን? አንድ ቀን ናት፣ ታገሺ።»

እውነቱን ነው። ታየች ክንዱን ለቀቀችው።

ጫካው መሀል መንገደኛ የሚያርፍባት የእንጨት ቤት አለች። ውስጧ በሰዉ ትንፋሽና በእርጥብ ካልሲ ሽታ ታምቋል። ብሩክታዊትና ኪዳን ለሚበላ ነገር ሰልፍ ሲይዙ ታየች ሽንት ቤት ሄደች። በሩን ስትዘጋ ስልኳ ነዘረ። እንዳሻው ነው። «ቤተ ክርስቲያን ደርሰዋል። ፍትሐት ላይ ናቸው። ወንድሟ በቪዲዮ እያሳየኝ ነው» ይላል። መልእክቱን አነበበችው፤ እንደገና አነበበችው። እንዳሻው አመሩድ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ቀብሩን እያየ ነው። ልጃቸው ደግሞ እዚህ፣ ከዚህ ከቀጭን ግድግዳ ወዲያ።

ስትመለስ ብሩክታዊት ቫፈል የሚሉትን ጣፋጭ ቂጣ በእንጆሪ ማርማላታ ይዛ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ጉንጮቿ ቀልተዋል።

«ታይዬ፣ ስልክሽን እስቲ። እማዬን ላዋራት። ቅዳሜ ካልደወልኩላት ታኮርፋለች፤ ቁጥሯን በቃሌ አውቀዋለሁ።»

ታየች ኪዳንን አየችው። ኪዳን ቫፈሉን አየ።

«ባትሪ ጨርሷል» አለች ታየች።

«የኔም» አለ ኪዳን፣ ሳይጠየቅ።

«እናንተም እንደኔ አረፋችኋ!» ብላ ብሩክታዊት ከቫፈሏ ቆርሳ ለታየች አጎረሰቻት። ታየች ተቀበለች። አላምጣ እስክትውጠው የነበረውን ጊዜ ለማንም አውርታው አታውቅም።

እሑድ ገና ሳይነጋ አቶ ሀብቴን አስቀድመው የሰፈሩ ሰዎች የፎቁን ደረጃ በዝግታ ወጡ። በሩን የከፈተችው ራሷ ብሩክታዊት ነበረች፣ የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች። የሰዉን ብዛት፣ የሴቶቹን ጥቁር ነጠላ፣ ከሁሉም ኋላ የቆመችውን ታየችን አየች። ማንም ሳይናገር፣ «ማን ነው? እማዬ ናት አይደል?» አለች።

«በርቺ ልጄ። እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉ አቶ ሀብቴ።

ጩኸቷ ሕንፃውን አናጋው። ሴቶቹ ያዟት፤ ከያዟት አንዷ ታየች ነበረች። አብረዋት አለቀሱ። ኪዳን በሩ ላይ ቆሞ ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ። ሁሉም ነገር እንደ ደንቡ ሆነ።

ረፋዱ ላይ ድምፅዋ ሲሰልል ብሩክታዊት ቀና አለች። «ቀብሩስ?»

እንዳሻው መለሰ። «ትናንት ተፈጸመ።»

«ትናንት መቼ?»

እንዳሻው ወደ አቶ ሀብቴ ዞረ። ብሩክታዊት ግን ራሷ ሰዓቱን አሰላችው። ፊቷ ቀስ እያለ ሲለዋወጥ ታየች ታይ ነበር።

«ስልክሽን ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ቫፈል እየበላሁ ነበር እኮ» አለች ብሩክታዊት። አልጮኸችም። «እናቴ አፈር ሲጫንባት እኔ ማርማላታ እየላስኩ ነበር። አንቺ ቁጭ ብለሽ ታይኝ ነበር። አጎረስኩሽም።»

«ልጄ፣ ያዘዝናት እኛ ነን» አሉ አቶ ሀብቴ። «ወግ ነው።»

«ወጉ በእግር መልእክተኛ ዘመን ነው፣ አባቴ። ወንድሜ በስልክ ሊያሳየኝ አይችልም ነበር? እዚያው በረዶ ላይ ተደፍቼ ባለቅስስ? በሰዓቱ ባለቅስላትስ?»

ታየች ሦስቱንም ቀን ሰሃን አጠበች፣ ወንበር ተሸከመች፣ እንግዳ ተቀበለች። ብሩክታዊት ከማንም እጅ ትበላለች፤ ታየች ስታቀርብላት ግን «ይቅርብኝ፣ ጠግቤያለሁ» ትላለች። እንዳሻውን ከጊዜ በኋላ ማረችው፤ ኪዳንንም ማረችው።

ከአርባው በኋላ አንድ ቀን ኦስሎ መሀል ግሮንላንድ ጣቢያ ተገጣጠሙ። ባቡሩ ውስጥ አንዱ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ባቡሩ ብዙ ከሄደ በኋላ ታየች፣ «ሁላችንም ነው የዋሸንሽ። ለምን እኔን ብቻ?» አለቻት።

ብሩክታዊት ወደ ጨለማው መስኮት ዞረች። «እንዳሻው ይፈራኛል። ኪዳን የራሱ ቁስል አለበት። አንቺ ግን እናቴን ታዋሪያት ነበር፣ ታየች። ከእነሱ ሁሉ የምታውቂያት አንቺ ነበርሽ።» ከዚያ፣ «አልጠላሁሽም። ግን አንቺን ሳይሽ ያ የሳቅኩት ሳቅ ይመጣብኛል» አለች። አመሩድ ሲደርሱ ሳትስማት ወረደች፤ ድሮ ሳትስማት አትወርድም ነበር።

ለፋሲካ በያዘችው ትኬት ሄዳ መቃብሩን አየች፤ ነጠላውንም ገዝታ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰጠች ተባለ። ተመልሳ ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ፤ ቤት ደኅና፣ ሥራ ደኅና። ክረምቱ መጥቶ በረዶ ሲጥል ኪዳን «እንሂድ እንዴ?» ብሎ ጻፈ። ሁለቱም ሴቶች አልመለሱለትም።

በዚያው ሳምንት ታየች በሥራ እረፍቷ ላይ ደሴ ለታላቅ ወንድሟ ደወለች። አባታቸው ከአልጋ መውረድ አቁመዋል።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። አባዬ አንድ ነገር ቢሆን በቀጥታ ለእኔ ደውል። ሥራ ላይ ብሆንም፣ መንገድ ላይ ብሆንም። ለሌላ ሰው አትንገር።»

«ምን ሟርት ነው ይሄ?»

«ቃል ግባልኝ።»

«አልገባም» አለ ወንድሟ ተቆጥቶ። «በባዕድ አገር፣ በስልክ፣ ወገን እንደሌለው ሰው? ቀስ ብሎ የሚነግርሽ፣ ደግፎ የሚይዝሽ ጓደኛ የለሽም እንዴ?»

ታየች ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«አለኝ» አለችው፤ ከዚያም አባቷ ዛሬ ምን እንደበሉ ጠየቀችው።