ባትሪውን አትክሰሱት

ጺዩሪ የባትሪውን ክዳን የመጨረሻ ብሎን ፈትታ ሳትጨርስ ጋራዡ በር ላይ ጥላ ቆመ። ቀና ብላ ማየት አላስፈለጋትም። በግልዳኒ ሰፈር፣ በዚያ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ግቢ ውስጥ፣ ሳያስፈቅድ የሰው ብርሃን የሚጋርድ አንዞር ብቻ ነው።

«እንዴት ዋልሽ ጎረቤት?»

«ብርሃኔን ልቀቅልኝና ደህና እውላለሁ።»

አንዞር ፈቀቅ አላለም። የነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ከሆነ ገና ዓመት አልሞላውም፤ እሱ ግን ወንበሩን ይዞት የተወለደ ይመስለዋል። በእጁ የያዘውን ወረቀት አራገበው።

«ጋራዡ ይዘጋ የሚል ፊርማ ነው። የሕንፃው ግማሽ ፈርሟል። ዛሬ እትዬ ላማራ ከፈረሙ ሌላው ሰው ይከተላቸዋል፤ ሰኞ ማዘጋጃ ቤት አስገባዋለሁ።»

«ምን አጥፍቼ?»

«አንቺ ምን ታጠፊያለሽ፣ እኔ ልሙትልሽ! ባትሪዎቹ ናቸው እንጂ። የሚስቴ ወንድም ኢንተርኔት ላይ አይቶ ነገረኝ። አንድ የሃይብሪድ መኪና ባትሪ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ የሚወጣው መርዝ የእኔ ጂፕ ዕድሜ ልኩን ከሚያወጣው ይበልጣል። እሱም በሦስት ዓመቱ ይሞትና መሬት ይቀበራል። ልጆቻችን የሚጫወቱበት መሬት!»

ጺዩሪ ካቻቢቴውን አስቀመጠች። ይህ የቆርቆሮ ጋራዥ ከአባቷ የወረሰችው ብቸኛ ንብረት ነው። ትምህርት ቤቱ ክፍሎቹን ቀንሶ ካሰናበታት ወዲህ፣ ቤንዚንና ኤሌክትሪክ ተጋግዘው የሚነዷቸውን እነዚህን ሃይብሪድ መኪኖች ባትሪ እየጠገነች ዘጠኝ ዓመት በልታበታለች። ከተዘጋ ሌላ መሄጃ የላትም። ይበልጥ ያንገበገባት ግን ሌላ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምራ በአማች ወሬ ልትረታ ነው! እሱ ሞቷ ነው።

«ወረቀትህን ይዘህ ወደ ዶሚኖው ጠረጴዛ ሂድ። መጣሁ» አለችው።

ከሾላው ዛፍ ሥር እንደ ወትሮው ስድስት ሰባት ሰዎች ተሰብስበዋል። እትዬ ላማራም ከቤታቸው ባስወጡት ወንበር ላይ ጋቢ መሳይ ሹራባቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። ሰማንያን ያለፉ፣ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩ መበለት ናቸው፤ በግቢው ውስጥ እሳቸው ሳይሰሙት ሠርግም ጠብም አይጀመርም።

ጺዩሪ የክንድ ያህል ርዝመት ያለው ጥቁር ነገር ይዛ መጣችና በተደረደረው ዶሚኖ መሀል አስቀመጠችው።

«ኧረ ልወጣ ነበር!» ብሎ ጮኸ አንዱ ተጫዋች።

«ትወጣለህ፣ ቆይ። መርዝ የተባለው ይኼ ነው። አንድ ባትሪ ውስጥ እንዲህ ያለ ሃያ ስምንት አለ። ይኼ የወጣበት መኪና አሥራ አራት ዓመት ታክሲ ሠርቷል፣ ሦስት አይደለም። ከሃያ ስምንቱ ሁለቱ ሞቱበት። ሁለቱን እቀይራለሁ፤ ሃያ ስድስቱ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።»

«የሞቱትስ?»

«ውስጣቸው ኒኬል አለ። ብረት ገዢው በየወሩ እየመጣ ይወስዳቸዋል፣ አቅልጠው መልሰው ይሠሩበታል። የሚሸጥ ነገር የሚቀብር ሞኝ የት አለ? አንዞር እንኳ የአያቱን አልጋ ሽቦ ሸጧል።»

ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። አንዞር ጆሮው ቀላ።

«ሲሠራስ? ፋብሪካው አያጨስም?»

«ያጨሳል። ምን ያስዋሸኛል? ሃይብሪድ ፋብሪካ ሳለ ከተራ መኪና ትንሽ ይበልጥ ያስጨሳል። ግን መኪና ዕድሜውን የሚጨርሰው መንገድ ላይ ነው። እስቲ ንገረኝ፣ ካኼቲ ገጠር እናትህ ጋ ደርሰህ ስትመለስ ጂፑ ስንት ሊትር ይጠጣል?»

«ሠላሳ አምስት» አለ አንዞር ደረቱን ነፍቶ። «ጂፕ ነው እንጂ ፍየል አይደለም።»

«የእኔ ሃይብሪድ አሥር ይበቃዋል። እያንዳንዱ ሊትር ሲነድ ደግሞ ከሁለት ኪሎ በላይ የካርቦን ጋዝ ያወጣል።»

«ስሟት እንግዲህ! የቤንዚን ሊትር ራሱ አንድ ኪሎ አይሞላም፤ ሁለት ኪሎ ጭስ ከየት ይወለዳል?»

ሰዎቹ አሁን ለአንዞር ሳቁለት። ጺዩሪ ግን ይህን ጥያቄ በየዓመቱ ከኋላ ወንበር ስትሰማው የኖረች ናት።

«ከአየሩ ነዋ! ሲነድ ከአየሩ ኦክስጅን ወስዶ ይከብዳል። ለልጅህ አስተምሬዋለሁ፤ ማታ ጠይቀው። በአንድ የካኼቲ መንገድ ሃያ አምስት ሊትር ትበልጠኛለህ፤ ከሃምሳ ኪሎ በላይ ጋዝ ማለት ነው። በየሳምንቱ ትሄዳለህ። ባትሪው ሲሠራ ያጨሰው ዓመት ሳይሞላ ይካካሳል። ከዚያ በኋላ ያሉት አሥራ ምናምን ዓመታት ምርቃት ናቸው። ይኼንን ለሚስትህ ወንድም ንገርልኝ።»

ጺዩሪ ደስ አላት፤ ደስታዋም ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

«ጨረስሽ?» አሉ እትዬ ላማራ።

«ጨረስኩ፣ እትዬ ላማራ።»

«ሒሳቡ ለእኔ አይገባኝም፣ እናቴ። አፍንጫዬ ግን ይሠራል። የአንዞር ጂፕ ሲነሳ መስኮቴን እዘጋለሁ። ያንቺ ሲነሳም እዘጋለሁ፤ ያንቺ እንዲያውም ዓይኔን ያቃጥለዋል። ይኼን ያህል ንጹሕ ከሆነ ለምን ያቃጥለኛል?»

«ታስነሳውና እናሽትተው!» አለ አንዞር ከመቀመጫው ብድግ ብሎ። «ወይስ ፈራሽ?»

እምቢ ማለት ትችል ነበር። ግን ሰው ፊት ፈራሽ ተብላ ወደ ኋላ የምትል ሴት አይደለችም። ሄዳ መኪናዋ ውስጥ ገባችና የማስነሻ ቁልፉን ተጫነች። ምንም ድምፅ የለም። መኪናው በባትሪ ብቻ ዝም ብሎ አንድ ሁለት ሜትር ተንሸራተተ፤ ዶሚኖ ተጫዋቾቹም አጨበጨቡላት። ወዲያው የቤንዚኑ ሞተር ተነሳ። የሚገማ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ጭስ ከኋላ ወጣና ጠረጴዛው ድረስ ደረሰ። እትዬ ላማራ የሹራባቸውን ጫፍ አፍንጫቸው ላይ ያዙ።

ጺዩሪ ሞተሩን አጠፋች። ምክንያቱን ከገዛችበት ቀን ጀምሮ ታውቀዋለች። ከሞተሩ ቀጥሎ ተገጥሞ የጭሱን መርዝ የሚያጠፋው ማጣሪያ፣ ውስጡ ላለው ውድ ማዕድን ሲባል በመጋዝ ተቆርጦ ተሸጧል፤ በምትኩ ባዶ ቧንቧ ተበይዷል። እኔ የባትሪ ሰው ነኝ፣ ጭስ ማውጫው አያገባኝም እያለች ስድስት ዓመት ነድታዋለች። ከመኪናው ስትወጣ አፈረች፤ እንደ ዛሬ አፍራ አታውቅም።

«ይኸው!» አለ አንዞር። «ይፈርሙ፣ እትዬ ላማራ!»

«ባትሪውን አትክሰሱት!» አለች ጺዩሪ። ድምጿን ዝቅ አላደረገችም። «የጭሱ ማጣሪያ የለውም። የቀድሞው ባለቤት ቆርጦ ሸጦታል፣ እኔም እያወቅኩ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያልኩት ሒሳብ ግን አንድ ቁጥር አይለወጥም። ጋራዤንም አልዘጋም። አንዞር፣ አንተስ? ከጂፑ ሥር ተንበርከክና ያንተን ማጣሪያ አሳየን።»

አንዞር ወደ ጂፑ አልሄደም። ከተጫዋቾቹ አንዱ ድንገት ሳል ያዘው፤ ሌላው ዶሚኖውን መልቀም ጀመረ። በዚያ ግቢ ከቆሙት መኪኖች ማጣሪያው ያልተሸጠ ቢገኝ ጎማ የሌለው ብቻ ነው።

እትዬ ላማራ እጃቸውን ዘርግተው ወረቀቱን ከአንዞር ተቀበሉ፤ አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«እስከ እሑድ እኔ ጋ ይቆያል። አልፈርምበትም፣ አልቀደውም። አፍንጫዬ የሚለኝን አያለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ጺዩሪ የራሷን መኪና በክሪክ አንስታ ከሥሩ ተጋድማ ሳለች ደንበኛዋ ማልኻዝ ታክሲውን እያንፏቀቀ ደረሰ። ሜትሮ ጣቢያው ጋ የሚቆሙት ባለታክሲዎች ሁሉ ወደ እሷ የሚመጡት በእሱ ምክር ነው።

«ጺዩሪዬ፣ የኔ ወርቅ! የባትሪው ቀይ መብራት በራብኝ። ለነገ ታደርሺልኛለሽ አይደል?»

ቁልፉን ሰጣት። ጺዩሪ ወደ ባትሪው አልሄደችም። የእጅ ባትሪዋን አብርታ አጎነበሰችና ከታክሲው ሥር አየች።

«ማጣሪያው የት ሄደ?»

«እሱማ ዓምና ተሸጠ። የየትኛው ታክሲ አለ ደግሞ?»

«ዓመታዊ ምርመራውን እንዴት አለፍክ?»

«የአጎቴ ልጅ አንድ አለው። የምርመራ ዕለት እንገጥማለን፣ ስናልፍ ፈትተን ለሚቀጥለው እንሰጣለን። በእሱ ብቻ ሰባት መኪና አልፏል!» አለ ማልኻዝ በኩራት።

በሌላ ቀን ቢሆን ስቃ ታልፈው ነበር። አሁን ግን በልቧ የሜትሮ ጣቢያውን የታክሲ ሰልፍ አየችው። ማጣሪያ ግጠሙ ስትላቸው እነዚያ ታክሲዎች ከቀሩባት፣ አንዞር ወረቀቱን ባያስገባ እንኳ ጋራዡ በሥራ እጦት ይዘጋል። ፈራች። ፍርሃቷ አናደዳት፤ ንዴቱም በጃት።

«ማጣሪያ አስገጥመህ ና። በዚያው ቀን ባትሪህን እሠራልሃለሁ።»

«ምን?»

«የተዋስከውን ግን አይደለም።»

«አብደሻል እንዴ? አንቺ የምትሠሪው ባትሪ! ከጭሱ ጋር ምን አገናኘሽ?»

«ጠዋት ሰው ፊት ይኼ መኪና ንጹሕ ነው ብዬ ተከራክሬለታለሁ። ልታዋርዱኝ አትችሉም።»

«ለሌሎቹም እንዲህ ልትዪ ነው?»

«ለሌሎቹም።»

«ሌላ ጋራዥ ይሄዱብሻላ!»

«ይሂዱ። የእኔንም መኪና ማጣሪያ ልገጥምለት በክሪክ አንስቼዋለሁ፤ ካላመንክ ጎንበስ ብለህ እይ።»

ማልኻዝ አላጎነበሰም። እስክትስቅ ጠበቃት፤ አልሳቀችም። እጁን ያዘችና ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀምጣ ጣቶቹን ራሷ አጠፈችለት።